ሰኞ እንዳይናገር የጸለይንበት ሰው

ልጄ ሜሮን ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ አንድ ቀን ከጓሮ እንሰታችን ሥር ቁጭ ብላ ስታየኝ ቆየችና «እማ፣ አንቺ ዝናቡን ያዝልኝ ብለሽ ስትጸልዪ የምሕረት እናት ደግሞ ዝናብ ስጠኝ ብላ ብትጸልይ፣ እግዚአብሔር የማንን ይሰማል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጥያቄው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። እኔ በቆሎ አስጥቼ ደመናውን በዓይኔ እየገፋሁ ነበር። ጎረቤቴ የምሕረት እናት ደግሞ በዚያው ሳምንት ጎዳሬ ተክላ ያንኑ ደመና በዓይኗ እየጎተተች ነበር። በመካከላችን ያለው አንድ አጥር ነው፤ እሱም ዶሮ እንኳ አያግድም። ልጅ ሲጠይቅ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ መልስ ከመስማቱ በፊት ፊታችንን ነው የሚያነበው። ስለዚህ ፊቴን ወደ በቆሎው አዙሬ «ቀድሞ የጸለየውን» አልኳት። «እንደ ወፍጮ ቤት በወረፋ ነዋ!» ብላ ሮጠች። ያን ቀን ዘነበ። እርጥብ በቆሎዬን በነጠላዬ እያፈስኩ ሳለ የምሕረት እናት በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ጌታ ይመስገን!» አለችኝ። እኔም አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ስለ ጸሎት የመጽሐፍ ዕውቀት የለኝም። ያለኝ ተንበርክኬ ያገኘሁት የጉልበት ዕውቀት ነው። በዚህ ዕውቀቴ የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው ሲጸልይ እግዚአብሔርን የራሱ ኮሚቴ አባል ማድረግ እንደሚወድ ነው፤ ያውም ሳያነብ የሚፈርም አባል። ባላጋራችን እኮ እዚያው አጠገባችን ተንበርክኮ እሱም ያንኑ አባል እየመዘገበ ነው። ሁላችንም «አንተ ፍረድ» እንላለን፤ ፍርዱን ግን እኛው ጽፈን ነው የምናቀርብለት። አትቆጡኝ፣ ስለ ራሴ ነው የማወራው። እናንተ ምናልባት ትሻሉ ይሆናል።

የምንኖረው ከሶዶ ወደ በዴሳ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ገባ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ከተማ ያልኳት መብራት ስላላት ነው፤ መብራቱ በጠፋ ቀን ገጠር ነች። አምና ይህችን ከተማ አንድ ጥያቄ ያዛት። «ወረዳ ይሰጠን!» ማለት ጀመርን። የራሳችን ወረዳ፣ የራሳችን ቢሮ፣ የራሳችን ማህተም። ባጃጅ ውስጥ ወረዳ፣ ገበያ ላይ ወረዳ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ወረዳውስ ምን ደረሰ?» ሆነ።

እኔም ከጯሂዎቹ አንዷ ነበርኩ። ዛሬም ነኝ። ምክንያት አለኝ። የሜሮንን የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት በዚያ ኮረኮንች አራት ጊዜ በሞተር ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ ስሄድ መብራት የለም። ሁለተኛ ስሄድ ሰውየው ስብሰባ ነው። ሦስተኛ ስሄድ ሰውየው አለ፣ ማህተሙ ስብሰባ ነው። በአራተኛው ሁሉም ተገኝተው የእኔን የልደት ዓመት ለልጄ ጽፈው ሰጡኝ። ሜሮን በመንግሥት ወረቀት እኩያዬ ሆነች ማለት ነው። እንግዲህ እኔ ወረዳ ደጄ ላይ ይምጣልኝ ብል ይፈረድብኛል?

ይህን ሁሉ ያወራሁት የመምህር አንጁሎን ኃጢአት እንድትረዱልኝ ነው። መምህር አንጁሎ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። በከተማችን መደመር የሚችል ሰው ሁሉ ከእሳቸው ነው የተማረው፤ መቀነስ ያቃተኝ እኔም ብሆን ያቃተኝ በእሳቸው እጅ ነው። ታዲያ አንድ ሰኞ፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ማይክራፎን ተከራይተን፣ እየተነሣን «ወረዳ! ወረዳ!» ስንል፣ እሳቸው እጃቸውን እንደ ተማሪ አወጡና ማይክራፎኑን ተቀበሉ።

«እኔ ወረዳ አልፈልግም» አሉ።

ሜዳው ጸጥ አለ። ሰው ማይክራፎኑ የተበላሸ መስሎት ነበር።

«አዲስ ወረዳ ማለት አዲስ ወንበር፣ አዲስ መኪና፣ አዲስ አጥር ነው። ቧንቧችን ከደረቀ ስንት ጊዜ ሆነው? መጀመሪያ ውሃ ጠይቁ። እኔ አልፈርምም። ሁሉም ተስማምቷል ብላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ፣ አንጁሎ አልተስማማም ብዬ ለሶዶ እጽፋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማንም፤ እኛው ጮኸንበት። «ባንዳ!» ያለ አለ። «ስንት ተከፈለህ?» ያለ አለ። እኔ «ውረዱ!» ነው ያልኩት፤ አስተማሪዬ ናቸውና በአንቱታ ጮህኩባቸው። ስብሰባውን የሚመሩት አቶ ሎሃ፣ የእድራችን ዳኛ፣ ማይክራፎኑን ከመምህር እጅ በዘዴ ወስደው «መምህር ሐሳባቸውን አልጨረሱም። የሚመጣው ሰኞ ይጨርሳሉ፤ ፊርማውም ያን ጊዜ ይሆናል» ብለው በተኑን። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ አንድ አዛውንት ሰኞ ምን ይሉ ይሆን እያልን ስንፋጅ ሰነበትን።

ረቡዕ የእናቶች ጸሎት ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ ባለችው ክፍል እንሰበሰብና በተራ እንመራለን። የመምህር ባለቤት፣ የታምራት እናት፣ የማትቀር ሴት ነበረች፤ ያን ቀን ላሟ ወልዳ ቀረች። ተራው የእኔ ነበር። ለታመሙት ጸለይን፣ ለተማሪዎች ጸለይን፣ ለዝናቡ እንደየፍላጎታችን ጸለይን። ከዚያ ወረዳው መጣ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «የአንበሶችን አፍ የዘጋህ ጌታ፣ ይህ ሰው ሰኞ እንዳይናገር አድርግልን!» አልኩ። ክፍሏ በአሜን ተናወጠች። የምሕረት እናትማ አሜኑ አልበቃት ብሎ እግሯን መሬት መታች። አስቡት እስቲ፤ በየጠዋቱ እየሳሉ ጥጃ የሚያስሩ የስልሳ ዓመት ሽማግሌ ናቸው እንግዲህ አንበሳው።

ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መምህር ከገበያ ሲመለሱ ሦስት ጎረምሶች በአንድ ሞተር መጥተው በድንጋይ መቷቸው። ድንጋዩ መንጋጋቸውን ሁለት ቦታ ሰበረው። ያዩ ሰዎች አንስተው በሚኒባስ ሶዶ ሆስፒታል አደረሷቸው። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ይላሉ አባቶች፤ እዚህ ግን የተሰበረው የባለምላሱ አጥንት ነው። ጎረምሶቹን ሁሉም ያውቃቸዋል። አንደኛው የአቶ ሎሃ ልጅ ዘካርያስ ነው፤ መዘምራን ውስጥ ፊት ለፊት የሚቆመው፣ ጉሮሮው ማር የሆነው።

ወሬውን የሰማሁት አመሻሽ ላይ ወፍጮ ቤት ነው። ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ዱቄት በዱቄት ሆነው ሳቁ።

«ኧረ የሜሮን እናት፣ ጸሎትሽ ሞተር ነው እንዴ? ረቡዕ ተነሥቶ ቅዳሜ ደረሰ!»

«ምን ደረሰ?» አልኩ።

«አንበሳሽ ተዘጋ። ሐኪሞቹ በሽቦ አስረውታል አሉ፤ ሰኞ አይደለም፣ በወሩም አይናገር።»

«እባክሽ ለእኔም ባል ጸልዪልኝ፣ እሱም አፉ አያርፍም» አለች ሌላዋ።

«ኋላ ገንፎ በቀጭኑ ስታቀርቢለት እንዳታማርሪን!»

ሳቅሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ግን ሳቅሁ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ እንኳን ጻፍኩት።

ከዚያ ባለወፍጮው ሞተሩን አጠፋና፣ ዱቄቱን ከቅንድቡ እየጠረገ «ልጆቹ ምን እያሉ እንደሆነ ሰምታችኋል?» አለ። «እናቶች ጸለዩ፣ እኛ አደረስን እያሉ ነው። ሰኞ በመምህር ፋንታ አፉን የሚከፍት ካለም ድንጋይ አላለቀም ብለዋል።»

ያኔ ሳቁ አፌ ውስጥ እንደ አሸዋ ሆነ። የለመንኩት እኮ ሆኗል። ሰው ሰኞ እንዳይናገር ለመንኩ፣ ሰኞ አይናገርም። ጸሎቴ አልተሰማም ብዬ እንዳላማርር ተሰምቷል፤ ተሰምቷል ብዬ እንዳላመሰግን፣ የሰማው እግዚአብሔር አይደለም። ከክፍሏ መስኮት ውጭ የቆመ ጆሮ ነው የሰማው።

ለባለቤቴ በእራት ሰዓት ነገርኩት። የሜሮን አባት አናጺ ነው፤ ንግግሩን እንደ ሚስማር ቆጥቦ ነው የሚያወጣው። በልቶ ጨረሰ። እጁን ታጠበ። «ጸሎቱ ያንቺ፣ ድንጋዩ የነሱ። አሁን ግን አንድ ላይ ታስሯል» አለኝ። «ያሰርሽውን ፍቺ።» ተነሥቶ መሮውን ሊስል ወጣ። አንዳንድ ሰው ይሰብካል፤ የእኔ ሰው መሮውን ይዞ ይሄዳል። ስለ እሱ እግዚአብሔር ይመስገን።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በእኛ ዘንድ ከስብከት በፊት የምስክርነት ጊዜ አለ። ሰው ይነሣና እግዚአብሔር በሳምንቱ ያደረገለትን ይናገራል፤ ልጄ ተፈወሰ፣ ላሜ ተገኘች፣ ፈተና አለፍኩ ይላል። ሌላው አሜን ይላል። በምስክርነት ላይ ክርክር የለም፤ ማን ነው የሌላውን ምስጋና የሚያርም? የመምህር ባለቤት ከሆስፒታል በጠዋት መጥታ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጸልዩልን ልትል ነው የመጣችው። ነጠላዋ ላይ የቡና ፍሬ የምታህል የደም ጠብታ ነበረች፤ አላየቻትም።

የመጀመሪያዋ መስካሪ የምሕረት እናት ሆነች። እሷ ክፉ ሴት አይደለችም። ሜሮን ስትታመም አዝላ ክሊኒክ ያደረሰቻት እሷ ናት። የታምራት እናት መግባቷንም አላየችም። ተነሥታ «ረቡዕ እናቶች ጸልየን ነበር፤ እግዚአብሔር በሦስት ቀን መለሰልን። ሰኞ ሕዝባችን በአንድ ድምፅ ይቆማል። ስሙ ይባረክ!» አለች።

አሜኑ ተከፈለ። ግማሹ ሰው አሜን አለ፣ ግማሹ ጉሮሮውን ጠረገ። ከመዘምራኑ በኩል ግን ጠንከር ያለ አሜን መጣ። ዘካርያስ ነው። የመምህር ባለቤት አንገቷን አልደፋችም፤ ወደ ፊት ተመለከተች። እንደዚያ ያለ ጀርባ አይቼ አላውቅም።

ተነሣሁ። ከፊቴ ያለውን ወንበር ጀርባ ያዝኩ። የተናገርኩት በወላይትኛ ነው፤ አሁን በአማርኛ ስጽፈው የተስተካከለ ይመስላል፤ ያን ቀን ግን እየተንተባተብኩ ነበር።

«እኔም ምስክርነት አለኝ» አልኩ። «ረቡዕ የጸለይኩት እኔ ነኝ። ክፉ ጸሎት ነው የጸለይኩት። የአንበሶችን አፍ የዘጋህ ብዬ ነበር። እግዚአብሔር ግን የአንበሶቹን አፍ ሲዘጋ መንጋጋቸውን አልሰበረም። ሲነጋ አፋቸው ደህና ነበር፤ ደህና እንደነበር ዳንኤልን የከሰሱት ሰዎች ያውቃሉ።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«እህቴ፣ የምስክርነት ጊዜ ነው፣ የክርክር አይደለም» አሉ መጋቢው በቀስታ።

«ምስክርነት ነው መጋቢ፤ ልጨርስ። እኔ ወረዳ እፈልጋለሁ። በመምህር ሐሳብ አልስማማም፤ ነገም አልስማማም። ግን መምህር በቃላቸው ነው የሞገቱን። በቃል መመለስ ሲያቅተን በድንጋይ ከመለስን፣ እኛ አሸነፍን ማለት አይደለም፤ ድንጋዩ ነው ያሸነፈ። ድንጋይ ደግሞ ዛሬ የእኛ ነው እንጂ ነገ የማን እንደሚሆን አይታወቅም። ድንጋይ ሲጀመር የሚታየው የማን ሐሳብ ይሻላል አይደለም፤ የማን ክንድ ይረዝማል ነው። የእኔ ክንድ አጭር ነው። የታምራት እናት፣ ይቅር በይኝ። ያንን ጸሎት መልሼ ወስጃለሁ። ይህን ያደረገው እግዚአብሔር ነው የሚል ካለ በስሙ እየዋሸ ነው።»

ተቀመጥኩ። አሜን የሚል ጠፋ። በሕይወቴ ያለ አሜን የቀረ ምስክርነት ያ ብቻ ነው።

ከዚያ የመምህር ባለቤት ሳትነሣ፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ «የሜሮን እናት፣ እኔም ብኖር አሜን ብዬ ነበር» አለች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝም እንዲል ስጸልይ ኖሬአለሁ። ግን በእግዚአብሔር እጅ እንዲሆን ነበር የምጸልየው።» ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰ። የምሕረት እናት ከወንበሯ ወጥታ በመካከሉ መንገድ ሄዳ እግሯ ሥር ወደቀች።

እኔ ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አቶ ሎሃ ግን ተነሡ። ቀስ ብለው ወደ መዘምራኑ ሄዱና ዘካርያስን ክንዱን ያዙት። «ልጄ ነው» አሉ ለጉባኤው። «አሜን ሲል ሰምታችኋል።» ይዘውት ወጡ። ፖሊስ ጣቢያው ከቤተ ክርስቲያኑ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ አባትና ልጅ፣ ልጁ የመዘምራን ልብሱን እንደለበሰ፣ በእግራቸው ሲሄዱ በመስኮት አየናቸው። ሁለቱ ጓደኞቹ ከሰዓት በኋላ በእናቶቻቸው እጅ ገቡ። ስለዚያ አባት እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ልጅን ለሕግ አሳልፎ መስጠት እኔ እችል እንደሆን አላውቅም፤ እንዳልፈተንበት ነው የምለምነው።

ከአምልኮ በኋላ ከምሕረት እናትና ከመምህር ባለቤት ጋር ሚኒባስ ተሳፍረን ሶዶ ሄድን። የምሕረት እናት የቡላ አጥሚት በፔርሙስ ይዛለች፤ በቀሰም እንዲጠጣ አቅጥናው፣ ቅቤ ግን አልሰሰተችም። መንገድ ሙሉ ፔርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፋ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እሷን ዝም ያሰኘ ጸሎት ገና አልተጸለየም ነበር።

መምህር ፊታቸው አብጦ፣ ራሳቸው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ጭናቸው ላይ ደብተር አስቀምጠው አገኘናቸው። ቀይ እስክሪብቶ ይዘዋል። በሽተኛ ሆነውም ቀይ! ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡና ጻፉ። አነበብኩት፦

«ጸሎትሽን ሰማሁ። አንበሳ ስላልሽኝ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ድመት ነው የምትለኝ።»

ሳቄና እንባዬ ተጋጨ። እሳቸውም በዓይናቸው ሳቁ፤ ከዚያ አመማቸውና ተዉት። የምሕረት እናት አጥሚቱን ቀድታ ቀሰሙን በጥንቃቄ ከንፈራቸው መካከል አስገባችላቸው። ሦስቴ ሳቡ። ደብተሩን ስበው «ቅቤው ጥሩ ነው» ብለው ጻፉላት። ማንበብ አትችልምና ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እንደ ሜዳልያ ተቀበለችው።

ቀጥለው ከደብተሩ ሦስት ገጽ ቀደዱና ሰጡኝ። ለሰኞ ያዘጋጁት ንግግር ነው። ከላይ «የሜሮን እናት ታንብብልኝ» ይላል።

«ለምን እኔ? ባለቤትዎ አለች!»

«እኔ ባነበው ሚስቱ ናት ይሉኛል» አለች የታምራት እናት። «አንቺ እንደማትስማሚ ግን ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

እዚያው ቆሜ በዓይኔ አነበብኩት። ስለ ቧንቧው ያለው እውነት ነበር፤ ያናደደኝም እውነትነቱ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን አንዲት መስመር አለች፤ «ለወረዳ የሚጮኸው ወይ ወንበር የሚጠብቅ ነው፣ ወይ መቁጠር የማያውቅ ነው» ትላለች።

«መምህር፣ ይህችን ብንዘላትስ?» አልኩ። «ሰው ይቆጣል። እኔም እኮ ከሚጮኹት ነኝ።»

ቀዩ እስክሪብቶ ተንቀሳቀሰ። «አንቺ ሁለተኛው ነሽ። ድሮም ሒሳብ ይከብድሽ ነበር።»

«እሺ ትንሽ እናለስልሳት?»

«ከቀነስሽ ንግግሩ ያንቺ ይሆናል። አታንብቢው።»

እነሆ፣ ጠዋት በአደባባይ ስለ ሰው አፍ የመሰከርኩ ሴት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መቀስ ይዤ መጣሁ። ሰው መሆን እንዲህ ነው። ድንጋይ አልወረወርኩም እንጂ እጄ ሥራ ፈልጎ ነበር። በዚያ ላይ ፍርሃትም አለ፤ የታሰሩት ሦስት ናቸው፣ በሜዳው ስንት እንደሚቆም አላውቅም። የልጅ እናት ነኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ጡቴ ሥር ከተትኩት፤ አነበዋለሁ ወይም አላነበውም ሳልል ተሰናበትኩ። መምህር ግን ከኋላዬ በእስክሪብቷቸው አልጋውን ኳ ኳ አደረጉ። ዞር ስል ሌላ ገጽ ዘርግተው ያሳዩኛል፦ «ነጠላ ሰረዝ ስታገኚ ትንፋሽ ውሰጂ።»

ሰኞ ጠዋት ተነሥቼ ጸለይኩ። ጉልበቴን አጽናልኝ አልኩ፤ ስለ ማንም ሰው አፍ ምንም አልጠየቅሁም። ሜዳው ሞልቶ ነበር። አቶ ሎሃ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ሌሊቱን አልተኙም። ቢሆንም ቃላቸውን ጠብቀው «ባለፈው ሰኞ ሐሳባቸውን ያልጨረሱ ሰው አሉ» ብለው ማይክራፎኑን ለእኔ ሰጡኝ። ከኋላ በኩል ማጉረምረም ተነሣ። «አስቀምጪው!» አለ አንድ ድምፅ። የእናቶች ጸሎት ሴቶች ማንም ሳያዛቸው ከየቦታው ተነሥተው መጡና በዙሪያዬ ቆሙ፤ የምሕረት እናት ከፊቴ ቆማ ሜዳውን በዓይኗ ለቀመችው። እያንዳንዷ የረቡዕ አሜኗን መልሳ ልትወስድ የቆመች መሰለኝ።

አነበብኩ። ስምንተኛ ክፍል ያህል ነው ያነበብኩት፤ አንዳንድ ቃል ላይ ተደናቀፍኩ፣ ነጠላ ሰረዝ ባገኘሁ ቁጥር ትንፋሽ ወሰድኩ። ስለ ቧንቧው ስደርስ አንዲት አሮጊት «እውነታቸውን ነው» አሉ። ስለ ወንበሩ ስደርስ ተጮኸብኝ፤ እስኪያበቃ ጠበቅሁና ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ያቺ መስመር መጣች። ስለ መቁጠር የምትለዋን ሙሉዋን አነበብኳት፤ ሰውም እኔን አይቶ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ድንጋዮቹ ሁሉ መሬት ላይ እንደተኙ ነበሩ። «የመምህር አንጁሎ ሐሳብ ይህ ነው» ብዬ ሦስቱን ገጾች ለጸሐፊው ሰጠሁ፤ ከቃለ ጉባኤው ጋር ሲያያይዛቸው ቆሜ አየሁ። ከዚያ ማይክራፎኑን ለአቶ ሎሃ መለስኩና፣ ፊርማ ወደሚሰበሰብበት ጠረጴዛ ሄጄ፣ እስክሪብቶ ተቀብዬ፣ «ወረዳ ይሰጠን» ከሚለው ሥር ስሜን በትልቁ ጻፍኩ።